ሃያ ካህን የሚያስቀምጥ ክፍል

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቤታችን ሁለት ክፍል፣ አንድ በርና ሦስት መስኮት ነበረው። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚያስወጣው መንገድ ዳር የቆመ የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። በትልቁ ክፍል አባቴና እናቴ ይተኛሉ። በትንሹ ክፍል ሁለት አልጋ አለ፤ በአንዱ ከኩዌት የተመለሰችው የእናቴ ታናሽ እህት ሠናይት ከሁለት ሻንጣዎቿ ጋር፣ በሌላው እማማ ካሰችና እኔ። እማማ ካሰች የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት። የእኛ አልጋ ስፋቱ ዘጠና ሳንቲሜትር ሲሆን እማማ ካሰች ሲተኙ ክርናቸውን ወደ ውጭ ስለሚያወጡ ለእኔ የሚተርፈኝ ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከቤቱ ምሥራቃዊ ግድግዳ እስከ አጥሩ ስድስት ሜትር ተኩል ባዶ መሬት አለ፤ ከሦስት እግር ጌሾ፣ ከአንድ የተሰነጠቀ ባልዲና ከአንዲት በግ ማሰሪያ ችካል በቀር ምንም የለበትም።

ይህን ሁሉ የማውቀው ስለለካሁት ነው። አባቴ ዳኛቸው የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ቢጫ ሜትሩን ከኪሱ ሲያወጣ ቀድሜ የምቀበለው እኔ ነበርሁ።

የመስቀል ማግስት፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ እማማ ካሰች እጃቸውን ከማዕዱ ሳያነሱ እንዲህ አሉ፦

«ገሳይ ያለውን ባሕር ዛፌን አስቆርጡት። ቆሞ ማንን ይጠብቃል? በሱ ከዚህ ከምሥራቁ በኩል አንድ ክፍል አውጡበት።»

አባቴ ጉርሻውን አፉ ዘንድ አድርሶ ቆመ። ያን ክፍል እናቴ እመቤት ለአራት ዓመት ስትጠይቀው ኖራለች፤ አባቴም ለአራት ዓመት «እንጨቱ ከየት ይመጣል?» ሲል ኖሯል።

«ስንት በስንት ይሁን ይላሉ፣ አክስቴ?»

«እኔ ስንት በስንት አላውቅም። ሃያ ካህን ያስቀምጥ። ተዝካሬን ላወጣበት ነው። ሃያ ካህን የማያስቀምጥ ቤት ተዝካር አይወጣበትም።»

«መቼ አስበዋል?» አለች እናቴ።

«ለአስተርእዮ። ጥር ሃያ አንድ። ያን ጊዜ እህሉም ገብቷል፣ መንገዱም ደርቋል።»

«ጥሩ ቀን ነው» አለች እናቴ፣ ስለ ሠርግ እንደሚወራ ሁሉ። ከዚያም ወጡን ወደ እማማ ካሰች በኩል ገፋ አድርጋ፣ «ከተዝካሩ በኋላማ ክፍሉ ወደ መንገዱ መስኮት ወጥቶለት ሱቅ ቢሆን...»

«ሱቅ?» አለች ሠናይት። «እቴ፣ ከዚህ እስከ መናኸሪያው አሥራ አንድ ሱቅ ነው ያለው። አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ግን የለም። መስታወቱን እኔ አመጣለሁ።»

«ሁለታችሁም ተዉት፤ ለመምህር ይከራያል» አለ አባቴ። «መምህር አይጮህም።»

«አንተ መምህር አይደለህም እንዴ?» አለች እናቴ።

እማማ ካሰች አጥንታቸውን እየጋጡ ሳቁ። «የኔ ተዝካር ይውጣ እንጂ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተነታረኩበት።»

በዚያ ሳምንት የጎረቤታችን የአቶ ውባንተ ተዝካር ወጥቶ ነበርና ነገሩን በሚገባ አውቀው ነበር። አቶ ውባንተ ነሐሴ ላይ ሞቱ፤ እናቶች አለቀሱ፤ አርባ ቀን ተቆጠረ፤ ከዚያ ተዝካር ተበላ። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሞት፣ ቀጥሎ አርባ ቀን፣ ቀጥሎ ተዝካር። ስለዚህ ጥር ሃያ አንድ ተዝካር የሚወጣለት ሰው መቼ እንደሚሞት ማወቅ የአንድ መቀነስ ሥራ ነው። የሂሳብ ደብተሬን ከኋላ ገልጬ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ታኅሣሥ አሥራ አንድ። ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ አላረጋገጥሁም፤ የጻፍሁት ይህን ብቻ ነው፦ «እማማ፣ ታኅሣሥ 11። 83 ቀን ቀራቸው።»

ያኔ የማላውቀው ነገር ይህ ነበር። በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም ልጅ ኖሮት የማያምነው ሰው፣ ሳይሞት ተዝካሩን ማውጣት ይችላል። ካህናቱን ይጠራል፣ ድሃ ያበላል፣ ጸሎቱን በጆሮው ይሰማል፤ ሲሞት ማንንም አያስቸግርም። የቁም ተዝካር ይባላል። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ይህን የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም አልጠየቀችም።

ያስደነገጠኝ ሞቱ ብቻ አልነበረም። የሁሉም እርጋታ ነበር። እናቴ ጌሾ እያሰጣች «ለተዝካርዎ ይህ ይበቃል ይላሉ?» ስትል፣ እማማ ካሰች ደግሞ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው አንስተው እያሸተቱ «ጨምሪበት፣ የገሳይ ሰው ጠጪ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ሠናይት ገና ባልተሠራው ክፍል ውስጥ መስታወቷን የምትሰቅልበትን ቦታ በጣቷ አየር ላይ ትስላለች። ሰው ዐይኑ እያየ እንዲህ ይወረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ምሽት ሌላውንም ሐሳብ አስቤዋለሁ። እማማ ካሰች ሲሄዱ ዘጠናው ሳንቲሜትር በሙሉ የእኔ ይሆናል። ነገር ግን የጥቅምት ውርጭ ገብቶ ነበር። እግሬ ሲቀዘቅዝ እማማ ካሰች ሳይነቁ በሁለቱ ቅልጥማቸው መካከል ያስገቡታል፤ እንደ ምጣድ ዳር ይሞቃል። ጠዋት «ማን አስገባው?» ስላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግርሽን ጠይቂው» ይሉኛል። ከዘጠና ሳንቲሜትር ብርድ ሠላሳ ሳንቲሜትር ሙቀት እንደሚሻል ወሰንሁ። ስለዚህ ተዝካሩ መቅረት ነበረበት።

በጥቅምት መጀመሪያ ቅዳሜ አናጢው ባምላኩ መጣ። ባምላኩ ሲናገር ምስማር በጥርሱ ይዞ ነው፤ ንግግሩን ለመጨረስ ሲል ሥራውን ያራዝማል። አባቴ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዞ ወጣ፤ ርዝመቱ አምስት፣ ወርዱ አራት ሜትር አድርገው አራት ችካል ተከሉ።

«አሁን ሰያፉን እንለካለን» አለ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ። «ከዚህ ማዕዘን እስከዚያ ማዕዘን። ከዚያም በሌላው አቅጣጫ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ክፍላችን አልተጣመመም ማለት ነው። ገባሽ፣ ማስተዋል?»

ገብቶኝ ነበር። እንዲያውም ከሚገባው በላይ።

«መምህር» አለ ባምላኩ፣ «እኔ አንተ ሀ ሁ ሳትቆጥር ቤት የሠራሁ ነኝ። ዐይኔ ሜትር ነው።»

«ዐይንህ የሠራውን የአቶ ውባንተን በር አይቼዋለሁ። ዝናብ እየጎበጠ ነው የሚገባው።»

ባምላኩ የእማማ ካሰችን ባሕር ዛፍ አስቆርጦና አስልጦ ሊያመጣ ወደ ገሳይ ሄደ። «በሦስት ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ነበር፤ የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። በመካከሉ ስምንት ጠዋት ነበረኝ።

በጓን ለማሰር ጠዋት ጠዋት የምወጣው እኔ ነበርሁ፤ ችካሏን የምመታበት ድንጋይም አለኝ። ሐሳቤ ቀላል ነው። ሃያ ካህን የማያስቀምጥ ቤት ተዝካር አይወጣበትም። ተዝካር ካልወጣ ከአርባ ቀን በፊት የሚሞት ሰው አያስፈልግም። በመጀመሪያው ጠዋት ከግድግዳው የራቁትን ሁለቱን ችካሎች ነቅዬ አንድ ስንዝር ወደ ቤቱ አስጠጋኋቸው። የዚያን ጊዜ ስንዝሬ አሥራ አራት ሳንቲሜትር ነበር። ቀጥዬ የግራዎቹን ሁለት ግማሽ ስንዝር ወደ ቀኝ፣ የቀኞቹን ሁለት ግማሽ ስንዝር ወደ ግራ። አንዱን ብቻ ባንቀሳቅስ ሰያፉ ያጋልጠኝ ነበር። የድሮውን ጉድጓድ በእግሬ ደፈንሁ፣ በላዩ የደረቀ አፈር ነሰነስሁበት። በማግስቱም እንዲሁ። በማግስቱም።

በአራተኛው ጠዋት እናቴ በመስኮት ብቅ አለች።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትቀጠቅጪው?»

«ችካል!» አልሁ።

«በጓ ዝሆን ሆነች እንዴ? ቤቱን አነቃነቅሽው እኮ!»

ውሸት አልተናገርሁም። በዚያ ሳምንት አንድ ውሸት እንኳ ያለመናገሬ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። በየማታው ደብተሬን ከኋላ ገልጬ ቁጥር እቀንሳለሁ፦ 66 ቀን ቀራቸው፤ 65 ቀን ቀራቸው።

ባምላኩ ሲመለስ አባቴ ከትምህርት ቤት አልወጣም ነበር። ሲመጣ ገመዱን ዘርግቶ ሁለቱን ሰያፎች አስተያየ፤ ቋጠሮውን እንኳ አልቆጠረም፣ ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ።

«እኩል!» አለ። «ባምላኩ፣ ና እየው። ፀጉር እንኳ አይገባም።»

ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ቋሚው ቆመ፣ ማገሩ ተመታ። አባቴ ሜትሩን እንደገና ያወጣው የበሩን ቦታ ሊወስን ሲል ነው። ለካ። ቆመ። ሜትሩን ገልብጦ ለካ። ከዚያም ሜትሩን ራሱን በማስመሪያ ለካው።

«ሦስት ሜትር ከሰማንያ ስምንት» አለ ቀስ ብሎ። «በሁለት ሜትር ከሰማንያ ስምንት። ባምላኩ! አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት የት ገባ?»

«ከየቱ ነው የጎደለው?»

«ከሁለቱም!»

ባምላኩ ምስማሩን ከጥርሱ አወጣ፤ ይህን ያደረገው ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው። ወደ መሬቱ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ አባቴ አየ።

«መምህር፣ ይህ መረሬ መሬት ነው። ክረምት ሲወጣ መሬት ይሰበሰባል። አልተሰነጠቀም? ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ነገር ለምን ይሰነጠቃል? ስለተሰበሰበ ነው። አንተ የለካኸው እርጥብ መሬት፣ እኔ የሠራሁት ደረቅ መሬት።»

አባቴ ሊስቅበት አስቦ ነበር። ነገር ግን ጓሮው በእውነት ተሰንጥቋል። ሦስት ቀን ሙሉ በስንጥቆቹ ላይ አጎንብሶ ስፋታቸውን ሲመዘግብ አየሁት። ያ ደብተር አሁንም አለ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ «የደብረ ታቦር አፈር በበጋ በመቶ 28 ይቀንሳል??» የሚል በሁለት የጥያቄ ምልክት የታሰረ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ሂሳቡ ለወርዱ ትክክል ነው። ለርዝመቱ አይሠራም፤ እሱም ይህን ስላየ ነው ሁለት የጥያቄ ምልክት ያደረገው።

እማማ ካሰች ግን ሜትር አላስፈለጋቸውም። ዱካቸውን፣ ያቺን ዝቅተኛ መቀመጫ፣ ተሸክመው ገቡና በማገሩ መካከል ካህናቱን ማስቀመጥ ጀመሩ። «እዚህ ጋ መሪጌታው። እዚህ ጋ ቄስ እሸቴ። እዚህ ጋ ሁለት ዲያቆን፤ ዲያቆን ተጠጋግቶ ይቀመጣል።» ዱካቸውን ያነሣሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ይቀመጡበታል፣ ክርናቸውን ዘርግተው ይለካሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አሥር ደረሱ። ቄስ ሙላቴ ወፍራም ስለሆኑ እንደገና ዘጠኝ ሆነ።

«ዘጠኝ» አልሁ። ድምፄ ውስጥ የነበረውን ደስታ የሰማው የለም።

«ዘጠኝ» አሉ እማማ ካሰች። «ጠቦናል። እንግዲህ በሁለት ዙር ይቀመጣሉ። የቀሩት ሁለቱ ደጅ ዳስ ውስጥ ይበላሉ።»

ሕጉ እንዲህ በአንድ አፍታ ይለወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ስምንት ጠዋት የነቀልሁት፣ የተከልሁት፣ በእግሬ የደፈንሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ። እነ እናቴ ደግሞ የክፍሉን መጥበብ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ክርክራቸውን በአዲሱ ልክ ቀጠሉ።

«ለሱቅ እንዲያውም ጠበብ ሲል ነው የሚያምረው» አለች እናቴ፤ «ሁሉም በእጅሽ ይደርሳል።»

«ሁለት ወንበርና አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ይገባል» አለች ሠናይት። «ሦስተኛዋ ሴት ደጅ ትጠብቅ።»

«አጭር መምህር ይገኛል» አለ አባቴ።

ኅዳር ሃያ ስምንት፣ ግድግዳው በጭቃ ተለስኖ ገና እርጥብ ሳለ፣ የእማማ ካሰች የንስሐ አባት ቄስ እሸቴ መጡ። ክፍሉን ጠበል ሊረጩና የተዝካሩን ነገር ሊጨርሱ ነው። ባምላኩ ጣሪያው ላይ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ይመታል። አባቴ፣ እናቴና ሠናይት በእርጥቡ ወለል ላይ ቆመዋል። እማማ ካሰች ዱካቸው ላይ ናቸው። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ። ደብተሬ ላይ 13 ቀን ቀርቶ ነበር።

ቄስ እሸቴ ጠበሉን ረጩ፤ እኔም አገጬ ላይ ደረሰኝ። ከዚያ «እንግዲህ ጥር ሃያ አንድ ጸና?» አሉ።

«ጸና፣ አባ» አሉ እማማ ካሰች።

ከእናቴ ኋላ ወጣሁ።

«አባ፣ ቀኑን ያዙሩልኝ።»

«የምኑን ቀን፣ ልጄ?»

«የተዝካሩን። ለዓመት ያድርጉልኝ። እማማ ካሰች ታኅሣሥ አሥራ አንድ እንዳይሞቱብኝ።»

ጣሪያው ላይ መዶሻው ቆመ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት የባምላኩ ፊት ተገልብጦ ብቅ አለ፤ ጥርሱ ላይ ምስማር አለ።

«ታኅሣሥ አሥራ አንድ?» አሉ ቄስ እሸቴ። ቅንድባቸውን ሰብስበው በግራ እጃቸው ጣቶች አንጓ ላይ በአውራ ጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሁላችንም ጠበቅን። «አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

እፎይ አልሁ።

«አሥራ ሁለት ነው። የሞተበት ቀን አብሮ ይቆጠራል።»

«ወይኔ እመቤቴ!» አለች እናቴ። «አባ፣ ምን ነካዎት? ልጅቱ እኮ ይሞታሉ ብላ ነው!» ወደ እኔ ዘወር አለች። «አንቺ፣ በቁማቸው እኮ ነው የሚያወጡት! ሰው ሳይሞትም ተዝካሩን ያወጣል!»

«ሳይሞትም?»

«ሳይሞትም!»

«ታዲያ ችካሉን ለምን ነቀልሁት?» አልሁ።

ሠናይት መሳቅ ጀምራ ነበር። አባቴ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት።

«የቱን ችካል?»

ነገርሁት። ስንዝሩን፣ ግማሽ ስንዝሩን፣ ስምንቱን ጠዋት፣ የተደፈነውን ጉድጓድ። አባቴ እየሰማኝ ቀለሙ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ።

«ግን ሰያፉ እኩል ነበር!»

«አራቱንም እኩል ነው ያንቀሳቀስኋቸው፣ አባዬ።»

«አራቱንም?»

«አንዱን ብቻ ባንቀሳቅስ ታውቅብኝ ነበር።»

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። መቆጣቱ ተገቢ መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁት፤ ሌላም ነገር አየሁ፣ ያን ግን ሊደብቀው ሞከረ። «በስንዝር ለክቶ ሰያፍ መግጠም...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«መሬቱ ተሰበሰበ አላልሁም?» አለ ባምላኩ ከላይ። «አንድም ሰው አላመነኝም!»

«አንተ ዝም በል፣ ሦስት ቀን አፈር አስለክተኸኛል!»

ሁሉም ሳቁ፤ ቄስ እሸቴም መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ያልሳቁት እማማ ካሰች ብቻ ናቸው።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ። «ቀኑን በምን ቆጠርሽው? በጣትሽ?»

«በደብተሬ።»

«አምጪው።»

አመጣሁ። እማማ ካሰች ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ገጹን ጥቂት አይተው ለቄስ እሸቴ ሰጡ። ቄስ እሸቴ ደብተሩን ከዐይናቸው አራቅ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማንበብ ያዙ፦ «እማማ፣ ታኅሣሥ አሥራ አንድ። ሰማንያ ሦስት ቀን ቀራቸው። ሰማንያ ሁለት ቀን ቀራቸው። ሰማንያ አንድ ቀን ቀራቸው። ሰማንያ ቀን ቀራቸው...» ያቆማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላቆሙም። የጀመሩትን ንባብ የሚያቋርጡ ሰው አልነበሩም። ስልሳዎቹ ላይ ሠናይት መሳቋን ተወች። አሥራ ሦስት ሲደርሱ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርግ ነበር።

«ዳኛቸው» አሉ እማማ ካሰች።

«አቤት፣ አክስቴ።»

«ያባትህን ተዝካር በስንተኛው ቀን ነው ያወጣኸው?»

«ያኔ እኮ የፈተና ሳምንት ነበር...»

«በስንተኛው?»

«በአርባ ሁለተኛው» አለ አባቴ፣ ወደ እርጥቡ ወለል እያየ።

ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል። እማማ ካሰች ተዝካራቸውን በቁማቸው ለማውጣት የቸኮሉት ሞት ስለቀረባቸው አይደለም። የወንድማቸው ነፍስ በአባቴ የፈተና ወረቀት ምክንያት ሁለት ቀን ደጅ ጠንታለች ብለው ያምኑ ስለነበረና የእሳቸውም እንዲያ እንዳትሆን ስለፈሩ ነው። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር።

«አባ» አሉ፣ «ተዝካሩን ትቼዋለሁ።»

ቄስ እሸቴ ደብተሩን ከደኑ። «እንዴት ነው የሚተዉት? እህሉ ተፈጭቷል። ጌሾው ተወቅጧል። ለካህናቱ ነግሬአለሁ፤ ቄስ ሙላቴ እንዲያውም...»

«እህሉ አይጣልም፤ ለልደት ይምጡ፣ ቄስ ሙላቴንም ይዘው። የኔን አርባ ይህች ትቆጥርልኛለች። ሳልሞት የቆጠረች ስሞት አይጠፋትም።»

«ይህች?» አለች እናቴ። «እማማ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው!»

«እጠብቃታለሁ» አሉ እማማ ካሰች።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ይመስል፣ «የሞተበት ቀን አብሮ ይቆጠራል፤ ሰምተሻል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ። ጊዜው ሲደርስም እንደዚያው ነው ያደረግሁት፤ ቄስ እሸቴ አርጅተው ነበር፣ ግን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው አረጋገጡልኝ።

እናቴ፣ አባቴና ሠናይት በአንድ ጊዜ «እንግዲያስ ክፍሉ...» አሉ።

«እንጨቱ የማን ነው?» አሉ እማማ ካሰች።

«የርስዎ» አለ አባቴ።

«እንግዲያስ ክፍሉ የኔና የማስተዋል ነው። ሁለት አልጋ ይግባበት። በአንድ አልጋ መተኛት በቅቶኛል፤ ይህች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ክርኗን ጎኔ ውስጥ ነው የምታሳድረው።»

ክርኑ የእኔ ነበር ለካ፤ ወይም የሁለታችንም። በዚያን ጊዜ ግን ለመከራከር ቦታዬ አልነበረም።

ቅጣት አልቀረልኝም። የመጨረሻውን ጭቃ ከጭድ ጋር ቀላቅሎ መርገጥ የእኔ ሆነ፤ ሁለት ከሰዓት ፈጀ። አባቴ ደግሞ ከስፋቱ ስንት እንደጎደለ በሜትር ካሬ እንዳሰላ አዘዘኝ። ስምንት ነጥብ ሰማንያ ሦስት። ደብተሬን አይቶ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረገና ቁጥር ሳይጽፍ መለሰልኝ። ሌሎቹም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። የእኛ አልጋ ከትንሹ ክፍል ሲወጣ ሠናይት ቦታው ላይ መስታወቷን ሰቀለች፤ ባምላኩ ወደ መንገዱ በር አወጣላት። እናቴ በዚያው በር ሥር አንድ ጠረጴዛ አድርጋ ሳሙናና ክብሪት መሸጥ ጀመረች፤ ጸጉር ቤቱ ሱቅ ነው ወይስ ሱቁ ጸጉር ቤት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። መምህር አልተከራየም።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ትምህርት ቤት ቀረሁ። ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ ተነግሮኛል፣ ገብቶኛልም፤ ግን ቁጥሩ በደብተር ተጽፏል፣ ቄስም አርመውታል። እማማ ካሰች በሄዱበት ሁሉ ሁለት ርምጃ ከኋላቸው ሄድሁ። ሽንት ቤት በር ላይ ቆምሁ። ከምሳ በኋላ በአዲሱ ክፍል አልጋቸው ላይ ጋደም አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ተጠግቼ አፍንጫቸው ዘንድ እጄን አደረግሁ። ምንም አይወጣም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርሁ። ሰባት ላይ ስደርስ አንድ ዐይናቸው ተከፈተ።

«ስንት ደረስሽ?»

«ሰባት።»

«ከዚህ በላይ ትንፋሼን መያዝ አልችልም» አሉ። «ሂጂ በጓን ውኃ አጠጪ። ስትመለሺ እዚሁ ነኝ።»

ስመለስ እዚያው ነበሩ።

ክፍሉ ከውስጥ ሲለካ፣ የግድግዳው ውፍረት ተቀንሶ፣ ሦስት ሜትር ከስድሳ በሁለት ሜትር ከስድሳ ነው። እማማ ካሰች በዚያ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ኖሩ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ፣ በሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።